ከጉልበት በላይ፣ ከቀሚስ በታች

ባለፈው መስከረም ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ላሰፋላት አሰላ መሀል ከተማ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውየው ሰማያዊውን ቴትሮን ዘርግቶ ውሃ እፍ እያለበት ሲተኩሰው የተነሣው ሽታ፣ ያ አዲስ ጨርቅ ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት የሚሸተው ሽታ፣ ከቆምኩበት ይዞኝ ሄደ። ሰፊው ልጅቷን «ቀሚስ ነው ሱሪ?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ነገሩ ምንም ሳይመስላት «ሱሪ» አለችው። እኔ ግን ሩቅያን አስታወስኩ።

ሩቅያ የጋሽ ከድር ልጅ ናት። ጋሽ ከድር እዚያው አሰላ የተወለደ፣ ከሳጉሬ ስንዴና ገብስ እያስመጣ የሚሸጥ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨርቅ የሚነግደው አባቴ ደግሞ ሱቁ ከሱ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበርና፣ እኛም ልጆቹ ከዚያ ግድግዳ በወዲህና በወዲያ አብረን አደግን፤ በኦሮምኛ እየተጣላን በአማርኛ እንታረቅ ነበር። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት እንኳ ባልቀራቸው በዚያ ጊዜ ሁለታችንም አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር፤ ሰባተኛ ክፍልም አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው።

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ የማይመጣ ነገር አልነበረም። አፍሮ ጠጉር መጣ፣ መሬት የሚጠርግ ቤል ቦተም ሱሪ መጣ፣ ከሁሉም ይልቅ ከተማውን ያነጋገረው ሚኒ ቀሚስ መጣ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ከቤት ሲወጡ የዩኒፎርማቸውን ወገብ ጠቅልለው ያሳጥሩታል፣ ሊመለሱ ሲሉ የበራቸው ጥግ ቆመው ይፈቱታል፤ ስለዚህ የአሰላ እናቶች የሌላውን ሰው ልጅ ሲያሙ የራሳቸው ልጅ ቀሚስ እስከ ባት እንደሚደርስ ይምሉ ነበር። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክራቫታቸው የማይዛነፍ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ነበሩ። ግን የወላጅ ስሞታ በዛባቸውና አንድ ቀን ጠዋት ባንዲራ እንደተሰቀለ፣ «ከነገ ጀምሮ ከጉልበት በላይ የሆነ ቀሚስም ሆነ ከቀሚስ በታች የተለበሰ ሱሪ በዚህ በር አያልፍም» አሉ።

በማግስቱ ኅዳር እንደ ልማዱ ከጭላሎ ተራራ የሚላጭ ነፋስ ይዞ ነጋ። በሩ ላይ ዳይሬክተሩ ቆመው ሴቶቹን አንድ ባንድ ያንበረክኩናል፤ ተንበርክካ የቀሚሷ ጫፍ መሬት የነካላት ትገባለች፣ ያልነካላት ትመለሳለች። የኔ አልነካም። ጠቅልዬው አይደለም፤ በዚያ ክረምት እግሬ ቀሚሴን ጥሎት አድጎ ነው። የሩቅያ ቀሚስ መሬቱን ነክቶ የተረፈ ቢሆንም ከሥሩ ጥቁር ሱሪ ለብሳ ነበር፤ «እሱን አውልቀሽ ትገቢያለሽ» አሏት። አላወለቀችም። እናም ሁለታችን በአንድ ጠዋት ከአንድ በር ተባረን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«አንቺን ለምን መለሱሽ?» አለችኝ።

«ታየሽ ብለው።»

«እኔን ደግሞ ተሸፈንሽ ብለው።»

ተያይተን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩ ከነከነን። ትክክለኛው ልክ የት ላይ ነው? ማነውስ የለካው? መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ እያየን ብንመራመር፣ አንዱ ካፖርት፣ አንዱ ጋቢ፣ አንዱ ወታደር ኮት ለብሷል፤ አንዲት የገጠር ሴት ደግሞ ቀሚሷን ሰብስባ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ወደ ገበያ ስታልፍ አየችንና ልጓሟን ያዝ አድርጋ «ማል ታታን?» አለችን፤ ምን ሆናችሁ ማለቷ ነው። ሩቅያ በኦሮምኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ እግራችንን አየት አድርጋ፣ ትምህርት የሚገባው በእግር ነው እንዴ ብላ ጠየቀችን። ለማሾፍ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ገብታ ስለማታውቅ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው። ከዚያ ፈረሷን ኮልኩላ ሄደች።

የኔ ነገር በዚያው ቀን አለቀ፤ እናቴ ከአባቴ ሱቅ ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ ከቀሚሴ ሥር ቀጠለችበት፤ ቀለሙ ትንሽ ስለሚደምቅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ። የሩቅያ ነገር ግን በመርፌ የሚያልቅ አልነበረም። በማግስቱ ጋሽ ከድር ልጁን፣ አባቴም እኔን ይዘው ዳይሬክተሩ ቢሮ አብረን ገባን። ዳይሬክተሩ የተቀጠለውን ቀሚሴን አይተው ጥሩ ነው አሉኝ። ከዚያ ጋሽ ከድር ኮፍያውን አስተካክሎ ጀመረ።

«እርስዎ ልጆቹ እንዲሸፈኑ ይፈልጋሉ። እኔም እፈልጋለሁ። ታዲያ ምናችን ነው ያልተስማማው?»

«ዩኒፎርም ማለት አንድ ዓይነት ማለት ነው፣ አቶ ከድር። ዛሬ ለአንዷ ከፈቀድኩ ነገ ሌላዋ ትለብሳለች።»

«ትልበሳ። ከዚያስ ምን ይመጣል?»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ከዚያማ ደንብ የሚባል ነገር አይኖርም» አሉ።

«እንግዲያው እኔም ልጄን አውልቂ አልላትም። ሃይማኖታችን ነው።»

አባቴ ሊያስታርቅ አፉን ሲከፍት፣ «አባባ፣ እኔ ልናገር?» አለች ሩቅያ። እስከዚያች ደቂቃ ማንም እሷን የጠየቀ አልነበረም።

«ሱሪውን የለበስኩት አባባ አዞኝ አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። «ሲበርደኝ ነው የጀመርኩት። ልበሺ ብሎኝ ቢሆን ምናልባት አልለብሰውም ነበር። አሁን ግን አውልቂ ስለተባልኩ አላወልቀውም።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የጋሽ ከድር ፊት ነው፤ ቤቱ ያደገችውን ልጅ ገና ያን ቀን የተዋወቃት ይመስል ነበር። አልተቆጣም። እጇን ይዞ ወጣ።

ሩቅያ ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና ጥርን ቤት ዋለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እህል መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የቀኑን ትምህርት እደግምላታለሁ፤ ሒሳቡን ሳስረዳት ከአስተማሪያችን ይልቅ እሷ የምትጠይቀኝ ይከብደኝ ነበር። ጋሽ ከድር ስንዴ እያስመዘነ በጎን ያዳምጠናል፤ አንዳንዴም «እስቲ ያን ድገሚው፣ እኔም አልገባኝም» ይለኛል። ስለ ሱሪው ግን ለእኔም ለእሷም ዳግመኛ ያነሣው ነገር አልነበረም።

በየካቲት አገሩ ተናወጠ፤ መምህራን አደሙ፣ ትምህርት ተዘጋ። ሲከፈት ዳይሬክተሩ ተዛውረው ስለነበር በሩ ላይ የሚያንበረክክ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ሩቅያ መጣች፤ ቀሚሷን ብቻ ለብሳ፣ ከሥሩ ሱሪ የለም። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ምነው አልኳት።

«ዛሬ አልበረደኝም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሁላችንንም በየአቅጣጫው በተነን። እኔ ባል ተከትዬ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ እሷ ሮቤ አግብታ ሱቅ ከፈተች። በሦስት በአራት ዓመት አንዴ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ልጆችና ስለ እህል ዋጋ ነበር፤ ያንን ጠዋት አንሥተነው ብናውቅ በሳቅ ለማለፍ ብቻ ነው። አሁን አሰላ ተመልሼ ስገባ እሷ የለችም።

የሞተች ጊዜ ሮቤ ለቅሶ ሄጄ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ መካከል አስቀመጡኝ። ትልቋ ከዓይኗ በቀር ሁሉን የሸፈነች ናት፤ ትንሿ ጂንስ ሱሪ ለብሳ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋለች። በዚህ ነገር ለዓመታት ተኳርፈው እንደኖሩ ሌሎች ነግረውኛል። የልጅነት ጓደኛዋ መሆኔን ሲሰሙ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩና፣ እናታቸው ልጅ ሳለች ምን ትለብስ እንደነበር ጠየቁኝ፤ እያንዳንዷ እናቷን ወደ ራሷ ወገን ልትወስድ እንደፈለገች ገባኝ። የሆነውን ሁሉ፣ በሩንም ቢሮውንም የተመለሰችበትንም ቀን፣ ነገርኳቸው። 

«ታዲያ እማማ ራሷ የምትወደው የቱን ነበር?» አለች ትንሿ።

አሰብኩ። አብረን አድገን፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሦስት ወር ሙሉ በጆንያ ላይ ስለ ዓለም ሁሉ ስንጠያየቅ ከርመን፣ ይህቺን አንዲት ነገር አልጠየቅኋትም ነበር።

«እሱንማ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ልጄ» አልኳት።