የሌላ ሰው ኮርቻ

ሰው የብስክሌት ኮርቻ ሲመርጥ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለሥራ ባሕር ዳር መጥቼ በብስክሌት ቢሮ መመላለስ ስጀምር መጀመሪያ የገዛሁት ኮርቻ ሲነኩት ሥርጉድ የሚል ስፖንጅ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ሟሸሸና ብረቱ ይወጋኝ ጀመር። ሁለተኛው ሰፊ ነው ብዬ የወሰድኩት ታፋዬን ላጠው። በወገቤ ላይ የሆነውንማ አልናገርም። ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለምከታተል ለባልደረቦቼ ትጉህ መሰልኳቸው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ዘንባባ ሥር ብስክሌት ከሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ሞላ ያለው አሮጌ የቆዳ ኮርቻ ነው። በጣቴ ልጫነው ስል፣ "ተው፣ በእጅህ ነው እንዴ የምትቀመጥ? ውጣበት!" አሉኝ። ወጣሁበት። ቆዳው መሐሉ ላይ ረግቦ የሰው መቀመጫ ቅርጽ ይዟል፤ አንድ ሰው ገና አሁን ተነሥቶ የለቀቀልኝ መሰለኝ። ወገቤ ጸጥ አለ።

"የማን ነበር?" አልኳቸው።

"የሰው" አሉና ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ።

ቤቴ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት አካባቢ ነው። ጠዋት ስወጣ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ሞላዎቹ ሲጥ፣ ሲጥ ይላሉ። አልጠላሁትም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት እናት የቆርቆሮ በራቸውን ከፍተው ቆመው አየኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ድምፁ ነው። በማግስቱም እዚያው ነበሩ። በሳምንቱ አጠገባቸው ስደርስ፣ "ዛሬም አትገባም?" አሉ፣ ቀስ ብለው። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር የማላውቀውን ሰው አፈናጥጬ የምሄድ ይመስለኝና ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ቢሮዬ ድረስ ፈልጋኝ መጣች።

"ያ ኮርቻ የወንድሜ ነው" አለችኝ። "ይፋግ ላይ መኪና ተገልብጦ ከሞተ ሁለት ወር አለፈው። እናቴ መርዶውን አልሰማችም። ሞራው በሚመጣው ሳምንት ይገፈፍላታል፤ ዓይኗ እስኪጠና ማልቀስ የለባትም ብሎ ዘመድ ሁሉ ተስማማ። ቆጋ መስኖ ላይ ሥራ ይዟል አልናት። ብስክሌቱንም አጎቴ ከፊቷ ይራቅ ብሎ ለጠጋኙ ሸጠው። አሁን ይኸን ድምፅ ስትሰማ፣ ከተማ እያለ ደጄን ረግጦ ያልፋል ብላ ተቀየመችው። የሞተ ልጇን ተቀየመችው። እኔም ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። እባክዎን፣ ወይ መንገዱን ወይ ኮርቻውን ይለውጡልን።"

እሺ አልኳት፤ ማልኩላትም። ሌላው መንገድ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ የተነጠፈበት ድንጋይም ወገብ ይሰብራል። ኮርቻውን ደግሞ ማውለቅ አልቻልኩም። ውሸቴን ነው፤ አልፈለግሁም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ! ብልጠት መጣልኝና ሞላዎቹን ግራሶ ቀባኋቸው። ድምፁ ጠፋ። እሳቸው የሚያውቁኝ በጆሯቸው ነው፣ ካልሰሙኝ የለሁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በሩ ተዘግቶ ሰነበተ፤ እኔም በብልጠቴ እየተደሰትኩ በዚያው መንገድ ተመላለስኩ።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ፣ እናትየዋ ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል። አልደነገጥኩም፤ ድምፅ የለኝማ። ልክ ላልፋቸው ስል መነጽሩን ግንባራቸው ላይ አወጡና፣ "ቁም እስቲ" አሉኝ።

ወረድኩ። ቀረብ አሉና ኮርቻውን በጎኑ በኩል፣ ቆዳው በወፍራም ክር የተሰፋበት ቦታ ላይ፣ በጣታቸው ዳበሱት። ስፌቱ የራሳቸው እንደሆነ ከአደባበሳቸው ገባኝ፤ ዓይናቸው ሳይጋረድ የሰፉት።

"ይኸን ማን ሰጠህ?"

ልዋሽ ፈለግሁ። ገዛሁት ብል፣ ማን ሸጠልህ ይሉኛል። ተዋስኩት ብል፣ እሱስ የታለ ይሉኛል። እኔ ውሸት ስመርጥ፣ እሳቸው መልሱን ከፊቴ ላይ አነበቡት።

ለመርዶ ሥርዓት አለው። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱ፣ ዘመዱ አብሮ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዙ እጆች በዙሪያው ይቆማሉ። እኔ ብቻዬን፣ ወደ ቢሮ ስሄድ፣ ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ አረዳኋቸው። ሁለቱም እጆቼ የብስክሌቱን መሪ እንደያዙ ነበሩ።

እንባቸው ገና ካልጠናው ዓይናቸው ወረደ። ልጃቸው ከቤት ወጥታ "እማዬ! እማዬ፣ ዓይንሽን!" እያለች ስትሮጥ ሰማኋት። እሳቸው አልዞሩም። እጃቸውን ከኮርቻው ላይ ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይመችሃል፣ የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።