ሰፊው በረት

ዝናብ ሲያባራ ከብቶች የመቱ ከተማን አስፋልት ሞልተው ያልፋሉ፤ ባጃጆች ይጮሁባቸዋል። የእርጥብ እበት ሽታ ሲነሳ ጎረቤቶቼ መስኮት ይዘጋሉ፣ እኔ እከፍታለሁ። ሽታው ያደግኩበት ቡሬ ገጠር፣ አክስቴ እትዬ በላይነሽ ማሳ ላይ ያደርሰኛል።

ልጅ ሳለሁ የመንደሩ ከብት ሁሉ በአንድ በረት ያድር ነበር። በረቱ እየተነቀለ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ከብቱ ያደረበት መሬት በእበት ይጠግባል። ባለተራው ለጠባቂዎቹ ራት ያበላል።

አንድ ዓመት ተራው ለአክስቴ ደረሰ። አጥሩን አብረን ተከልን። እሳቸውም ለጠባቂዎቹ ራት በትልቁ ድስት የአንጮቴ ሥር ቀቀሉ። ግን ማንም ከብቱን አላመጣም። ገሚሱ ሸጧል፤ ገሚሱ ማዳበሪያ ገዝቶ ከብቱን ጓሮው አስሯል። በዚያ ሁሉ ስፋት የአክስቴ አንዲት ላም ብቻዋን ቆማ፣ ወደ መንገዱ እያየች እምቧ ትላለች።

«እትዬ፣ አጥሩን እናጥብበው?» አልኳቸው።

«ዲሲ፣ ተዪው ልጄ» አሉ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ደባልቀው፣ ድስቱን እየከደኑ። «ነገ ቢመጡ የት ያድራሉ?»

በማግስቱም የመጣ አልነበረም። አጥሩ ግን እንደ ሰፋ ክረምቱን ከረመ።

ዛሬም ሽታው ገባ። መስኮቱን ከፍቼ ራቴን ጣድኩ፤ ብቻዬን ለምበላው፣ በትልቁ ድስት።