ያልተበላው በሬ

አዳማ ውስጥ ቤት በሚሠራበት ቦታ ሳልፍ የኖራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ወለንጪቲ የሞተብን በሬ ትዝ አለኝ።

የእርሻ በሬያችን እሱ ብቻ ነበር። ከአፍንጫው ጥቁር ደም እየወረደ ሞተ። ጎረቤቶች ቢላ ይዘው መጡ፤ የአገራችን ልማድ ነው፣ ሥጋውን ተከፋፍለው ይገዙና ባለቤቱ ሌላ በሬ ይተካል። አባቴ ግን ዶማውን እንደያዘ በሬው ፊት ቆመ።

«አባ ሰንጋ የሚሉት በሽታ ነው የገደለው፤ ማንም አይነካውም!»

«ታዲያ በምን ልታርስ ነው? በጥፍርህ?» አሉት ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ።

«እናንተን ቀብሬ በሬ ብገዛስ፣ ደቦ ማን ሊወጣልኝ ነው?»

ነገሩ አልገባኝም። ሥጋ አምሮኝ ስለነበር አባቴን ጠላሁት። ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኖራ ነስንሶ ቀበረው። ሰፈሩ ሁሉ ንፉግ አለው።

ሰንበት ብሎ፣ ማዶ መንደር የሞተች ላም የበሉ ሰዎች ማለቃቸው ተሰማ። የእኛ ሰፈር ሰውም ከብቱም ደህና ነበር። ዝናብ ሲጥል ኦቦ ቱሉ የራሳቸውን በሬዎች እየነዱ ማሳችን ላይ ደረሱ።

«ደቦ የሚወጣልህ አላጣህም» አሉ፣ አባቴን ቀና ብለው ሳያዩ።

እናቴ «ተመስገን!» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ ሰው ሁሉ እንደ አባቴ ይጠነቀቃል ብዬ አላምንም፤ ላሞቼን ለአባ ሰንጋ አስከትቤ ስመለስ ግን ዛሬም እንደዚያ እተነፍሳለሁ።