ሞገስ በሬ ያለ ቀን

መርሳ ውስጥ ሞገስን የማያውቅ ሰው ካለ ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። መሬቱ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ መሃላቸው ያለው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ጠምዶ ሲያርስ ድምፁ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሰው እርሻውን አርሶ፣ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር በሰላም ይኖር ነበር። ኳስ ውስጥ ያስገባነው እኛ ነን። የገባበትን ቀን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ ሙሄዲን ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው ሁሪያ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የመርሳ የቅርጫት ኳስ ደጋፊ የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግማሹን የተናገርኩትም እኔው ነኝ።

ቅርጫት ኳስን ያመጣብን ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የተላከ ወጣት አስተማሪ ነው። ከአሮጌ በርሜል ክብ ብረት አስቆርጦ፣ ባሕር ዛፍ ላይ አስመትቶ፣ "ኳሱን እዚህ ውስጥ ክተቱ" አለን። ሳቅን። ወር ሳይሞላ ግን ሳቁ ቀርቶ ሙግት ሆነ። ውርጌሳዎችም ሰምተው የራሳቸውን ብረት ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ መርሳና ውርጌሳ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው ወልድያ ሄዶ ለዋንጫ ይጫወታል። እኛ ወልድያ ደርሰን አናውቅም። ልጆቻችን ሲሮጡ ነፋስ ናቸው፤ ብረቱ ሥር ሲደርሱ ግን ከሌላው በላይ የሚዘረጋ እጅ የለንም። የጎደለን አንድ ረጅም ሰው ብቻ ነበር፤ ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል።

ግራና የራሱ ቡድን ስለሌለው፣ ከግራና የሚወጡት ጥሩ ተጫዋቾች ለሁለታችን ይከፈላሉ። አስተማሪው "ልጆቹ ወደ ፈለጉት ይሂዱ" ብሎ ነበር። ሰው እምቢ አለ፤ አንዱ በአጎት፣ ሌላው በአማች እየተጎተተ ነገር ይበላሻል ተባለና አከፋፈሉ እንደ ገና ጨዋታ እንዲሆን ተስማማን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ አባት ይሾማል። ሁለት ተጫዋቾች ከዛፍ ጀርባ ሄደው ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ይመጡና ስሞቹን ለአባቶቹ ይጠራሉ። የትኛው ስም የማን እንደሆነ አይነገርም። በመጨረሻው ጨዋታ የተሸነፈው ቡድን አባት ቀድሞ አንዱን ስም ይመርጣል፤ የስሙ ባለቤት ወደ እሱ ይሄዳል። አንዴ ከተመረጠ መመለስ የለም።

ለመርሳ አባት ሞገስን ሾምነው። በወጣትነቱ በገና ጨዋታ የታወቀ ነበር፤ ልጆቹ በተጫወቱ ቁጥርም ሞፈሩን ትቶ፣ ጅራፉን እንደያዘ አጥሩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚጮኸው እሱ ነው። ሹመቱን ስንነግረው ፊቱ በራ። አስካለ ጋቢውን አጥባ አዘጋጀችለት። ያን ሰሞን አንድ በሬው ገደል ገብቶ ሞቶበት ነበር፤ "ይኸው ትንሽ ተጽናና" ብላ ለሁሪያ ነግራታለች። የቀረችውን አንዷን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ አንድ ቀን ለራሱ አንድ ቀን ለጎረቤቱ ያርስ ነበር። የበልግ እርሻ ደርሶ ስለነበር ጭንቅ ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያኔ ወሬያችን ኳስ ነው፤ ስለ በሬ ማን ያስባል?

የካቲት ስልሳ አንድ፣ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከግራና የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ አብዱልሐሊም ይባላል፤ ወላሂ፣ እጁን ሲዘረጋ ብረቱን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሌላው ዓለምነህ ነው፤ ልቡ ደግ፣ እግሩ ፈጣን፣ ቁመቱ ግን ከስፌት መኪናዬ ብዙም አይበልጥም። አጋነንኩ፤ ተናድጄ ነው።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። የአብዱልሐሊም አባት የፈረስ ነጋዴ ናቸው። ግራና ገበያ ላይ ፈረስ የፈለገ ሰው በቀጥታ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። ልጁ ራሱ በዚያን ቀን ከፈረስ ላይ ወርዶ ነው ሜዳው ውስጥ የገባው፤ ፈረሱ ያው ሜዳው ዳር ካለው ሾላ ሥር ታስሮ ሣር ይበላል። ሁለቱ ልጆች ከሾላው ጀርባ ሄደው ተንሾካሾኩ፤ ተቃቅፈው መጡና ሞገስ ፊት ቆሙ።

"በሬ ወይስ ፈረስ?" አሉት።

እኔ ከደስታዬ የተነሳ የሁሪያን እጅ ልይዝ ምንም አልቀረኝም። ልጁ ስሙን ከአባቱ ጋጣ አምጥቶ፣ "እኔ ነኝ፣ ውሰዱኝ" ያለ ያህል ነው። አባት ሆኖ የተቀመጠው ድንጋይ ቢሆን እንኳ ፈረስ ይላል።

"በሬ" አለ ሞገስ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም።

ዓለምነህ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኛ መጣ። የውርጌሳው አባት በሳቅ ብዛት ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። አብዱልሐሊም ፈረሱን ፈትቶ ወደ ውርጌሳዎቹ ሲሄድ፣ ሞገስ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዓይኑን ያሻሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር እወዳለሁ፤ ግን ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። በፋሲካ ማግስት ውርጌሳ ልጆቻችንን እንደ ሽሮ ፈጫቸው። አብዱልሐሊም ኳሷን ከላይ ይቀበላል፣ ዞር ይላል፣ ያስቀምጣታል፤ የእኛዎቹ ወገቡ ሥር ይዘላሉ። ወልድያ ሄደው ዋንጫውን በሉ። በሚቀጥለው ዓመትም በሉ፣ በሦስተኛውም። ከወልድያ ወደ ውርጌሳ መንገዱ በመርሳ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ዋንጫውን እናየዋለን፤ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ፣ ጥሩምባ እየተነፋ፣ በበረንዳችን ፊት ለፊት ያልፋል። አንድ ዓመት ሹፌሩ እኛ ጋ ሲደርስ ሆን ብሎ ቀስ አለ። ያን ቀን እየሰፋሁት የነበረውን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ነው የጨረስኩት።

ታዲያ ሞገስን አኘክነው። በጣም የሚያኝከው ሙላቱ ነበር። ሙላቱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ በዕድሜ ልጃችን ቢሆንም ድምፁ ከሁላችንም ይበልጣል።

"ጋሽ ሞገስ፣ እስቲ ይንገሩን" ይለዋል ሻይ ሲጠጣ ጠብቆ። "ፈረሱ ታስሮ አልታየዎትም? የፈረስ ነጋዴ ልጅ እኮ ነው! አንቱ ያን ለት ምን ነካዎት?"

ሞገስ ብርጭቆውን ያዞራል። እኔም እጨምርለታለሁ፤ ሌላውም ይጨምራል። ሁሪያ ብቻ "ተዉት እንጂ፣ ሻዩን ይጠጣበት" ትለናለች። እኛ ግን አንተወውም። ዝምታው ነው እኮ ይበልጥ የሚያናድደው። የተሳሳተ ሰው ምክንያት ይሰጣል፤ ምክንያት ከሰጠ ደግሞ ተከራክረን ይወጣልናል።

አንድ ቀን ምክንያቱን ሰጠን።

"በሬ ወይስ ፈረስ ሲሉኝ ኳሷን ረሳኋት" አለ። "በሬ ሞቶብኝ ነበር። ሌሊትም ቀንም የማስበው በሬ ነው። አፌ ቀደመኝ። ገበሬ እኮ ነኝ።"

 ከዚያ ሙላቱ "አባት አድርገን የሾምንዎት ለቡድኑ ተጫዋች እንዲመርጡ ነው ወይስ በሬ እንዲገዙ?" አለና በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሞገስ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጋ አልመጣም። አርሶ አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ ሳያይ በሬዎቹን አዙሮ ይመለሳል። ጨዋታ ባለ ቀን ወደ ታችኛው መሬት ይወርዳል። አስካለ ለሁሪያ እንደነገረቻት፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ "እኔም ብሆን በሬ እል ነበር" እንዲለው። ይህን ሁሪያ ነገረችን። እኛስ? "ምን ሲደረግ!" አልን። ዓለምነህም ከነገሩ አላመለጠም፤ "በሬው" የሚል ስም ወጣለት። ምስኪኑ ልጅ የቻለውን ያህል ሮጦ ሮጦ፣ በመጨረሻ አሰብ ወደብ ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ሲሄድ ሞገስን ቤቱ ድረስ ሄዶ ተሰናበተው። እኛን አልተሰናበተንም።

ስልሳ አምስት ላይ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም እንደ ክረምት አልሆነም። ያን ዓመት ጨዋታ አልነበረም፤ ማን ሊጫወት? ከየገጠሩ የወረደው ሰው በአውራ ጎዳናው ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ያያል። ሁሪያ በስኳር ፋንታ ወሬ እየቀዳች ነው የከረመችው። ሞገስ አንዷን በሬ ግራና ወስዶ፣ አጥንቷ ብቻ ሲቀር ሸጣት። እሱና አስካለ በዚያች በሬ ነው ከረሙ የሚባለው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ።

የካቲት ስልሳ ስድስት ደግሞ ሰው ያንኑ በልግ ይጠብቅ ጀመር። ደመና ይመጣል፣ ያንዣብባል፣ ይሄዳል። አስተማሪዎች አድማ ላይ ስለነበሩ ሜዳው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ከግራና ሁለት ልጆች አሉ ተባለ፤ አንደኛው ረጅም ነው፣ አብዱልሐሊምን ያስንቃል። አብዱልሐሊም ደግሞ ጨዋታ ትቶ ከአባቱ ጋር መነገድ ጀምሯል። እንግዲህ ጊዜው የእኛ ነው አልን። ሞት እንኳ ቢመጣ ይህችን ምርጫ አናበላሻትም ብለን ሙላቱን አባት አደረግነው። ለአምስት ዓመት የጮኸ ሰው እንዴት መምረጥ እንዳለበት ሳያውቅ አይቀርም።

ሙላቱ ተዘጋጀ። የሁለቱን ልጆች አባቶች ሥራ ጠየቀ፣ የሚወዱትን ጠየቀ፣ የሚጠሉትን ጠየቀ። "እኔ ጋሽ ሞገስ አይደለሁም" አለኝ የምርጫው ዕለት ጠዋት፣ ሸሚዙ ላይ ቁልፍ እየተከልኩለት።

ሰው ተሰበሰበ። እንደ ድሮው ጢም አላለም፤ ያለነው ከስተን ነው የመጣነው። ሞገስ ከአጥሩ ወዲያ ነበር። በሬ ስለሌለው በዶማ ይቆፍራል። ልጆቹ መጡ፤ ረጅሙ ለፀሐይ ብሎ የሰሌን ባርኔጣ አድርጓል። ከሾላው ጀርባ ሄደው ተንሾካሾኩና ተቃቅፈው ሙላቱ ፊት ቆሙ።

"ዝናብ ወይስ ፀሐይ?" አሉት።

ባርኔጣውን አየሁት። ሙላቱም ያየው መሰለኝ።

"ዝናብ" አለ ሙላቱ።

"አሚን" አለች ሁሪያ ከኋላዬ። "አሜን" አለ ሌላው። "አሚን፣ ያ ረቢ" ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ሜዳው ላይ የቆመው ሰው በሙሉ፣ የውርጌሳው አባት ሳይቀሩ፣ "አሜን፣ አሚን" እያለ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይ ነበር። ዓይናችንን ስናወርድ ረጅሙ ልጅ ባርኔጣውን እያስተካከለ ወደ ውርጌሳዎቹ ሄዷል፤ አጭሩ እኛ ጋ ቆሟል።

 ሙላቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ምን ልበለው? ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቀውም።

ሞገስ ዶማውን እንደያዘ ወደ ቁልቋሉ ቀረበ። ስንት ዓመት ያልተቀመጠባት ያቺ ድንጋይ ጋ ቆመ።

"ሙላቱን አትሰድቡትም?" አለን።

 ጠበቀን። የምር መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚጠብቀው፣ አንዳችንን አይቶ ሌላችንን እያየ ጠበቀን።

"እኔ በሬ ስል" አለ በመጨረሻ፣ "አሜን ያለልኝ ሰው አልነበረም።"

ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ መሬቱ ተመለሰ።