ያጠፋኋት መብራት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ በቅርቡ የገዛትን መኪና እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ያገለገለች ብትሆንም ታጥባና ተወልውላ ግቢው መሐል ቆማለች። ሞተሩን አስነሥቶ በጣቱ ዳሽቦርዱን አሳየኝ። ቀበቶ ያሰረ ሰው ከፊቱ ክብ ነገር የተደቀነበት የሚመስል ቀይ ምልክት በርቷል። የኤርባግ መብራት ናት።

“ጋሼ፣ ይቺ ምንም አታደርግም። መኪናዋ እንደሆነ ትሄዳለች። አምፖሏን ነቅለው ቢገላግሉኝስ?” አለኝ።

ጎንበስ ብዬ መብራቷን አየኋት። ሥራው የከበደኝ መስሎት፣ ካስቸገረኝ ሌላ ሰው እንደሚጠራ ነገረኝ። አምፖል መንቀል ግን አላስቸገረኝም። አምፖል መንቀልማ በሃያ ሁለት ዓመቴ አውቅበት ነበር።

ያኔ በአውቶ መካኒክ ሙያ ተመርቄ ደብረ ታቦር ውስጥ ሥራ ፈት ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሥራ ፈት ልበል እንጂ አፌ ሥራ አልፈታም፤ ስለ ሞተር የማላወራበት ቀን አልነበረም። ከእኔ ዘጠኝ ዓመት የምትበልጠው እኅቴ እታገኝ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰችና አንዲት ያገለገለች ነጭ የቤት መኪና ገዛች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ጥቂት ወራት አብራን ቆይታ ከገና በፊት ወደ ዐረብ አገር ትመለሳለች። እኔ የሚታመን ሰው ሆኜ ካገኘችኝ መኪናዋን ለእኔ ትታልኝ ትሄዳለች፤ ሰው እያመላለስኩ ራሴንም እችላለሁ፣ አባታችንንም እጦራለሁ። ካልሆንኩ ትሸጣታለች። ይህንን ፊት ለፊት ነው የነገረችኝ። እታገኝ ነገር ማድበስበስ አትወድም።

መኪናዋን ስትመርጥ ስለ ሞተሩም ስለ ጎማውም ብዙ አልጠየቀችም። አጥብቃ የጠየቀችው ኤርባግ አላት ወይ ብላ ነው። ዐረብ አገር ሳለች የቤቱ እመቤት የምትነዳው መኪና ከሌላ መኪና ጋር ሲላተም እሷ ልጆቹን ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ከመሪው ውስጥ ነጭ ከረጢት በቅጽበት ተነፍቶ ሴትዮዋን ሲቀበላት በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ መኪና ማለት ለእሷ ያ ከረጢት ነው። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ የሚታወቅ ነው፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ አባታችን ናቸው።

አባባ ዕድሜያቸውን ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አላራምድ ቢላቸው ከተማ አስገብተናቸው ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ወንዛዬ ወሰድናቸውና ሰባት ቀን ፍል ውሃው ውስጥ ሲዘፈዘፉ ሰነበቱ። ሲመለሱ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ፣ ምርኩዛቸውን እንደ ጌጥ ነበር የሚይዙት። ቀይዋ መብራት የበራችው ከዚያ ጉዞ በተመለስን በሳምንቱ ነው። እኔ እየነዳሁ ገሳይ ወደምትባለው ከተማ እየሄድን ነበር። ጥቅምት ገብቶ ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ገሳይ ስንደርስ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ገዝተን መኪና ውስጥ በላን። እታገኝ ግን አልበላችም። ዓይኗ መብራቷ ላይ ነበር።

“ይቺ ስትበራ ከረጢቱ አይወጣም ማለት ነው” አለች።

“ቀላል ናት፤ እኔ እሠራታለሁ” አልኳት።

ሦስት ቀን ግቢያችን ውስጥ ታገልኳት። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ አየሁ፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። የባትሪውን ሽቦ ፈትቼ፣ ቆይቼ መለስኩ፤ መብራቷ እንደገና ቦግ አለች። እውነቱን ለመናገር ስለ ኤርባግ የተማርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አስተማሪያችን “ሳታውቁ እንዳትነኩት” ብለው ነው ያለፉት። እታገኝ ባሕር ዳር ወስደን መመርመሪያ መሣሪያ ላለው ሰው እናሳየው ብትለኝ፣ እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ተማርኩ ብዬ ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን እሷ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈታሁና ጥፍር የምታህለውን አምፖል ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

ስትመለስ “አለቀ” አልኳት። ምን ሆና እንደነበር ስትጠይቀኝ፣ የሆነ ቦታ ሽቦ ላልቶ ነው አልኳት። ያ ውሸት በኋላ ወደ እውነት ተጠግቶ መገኘቱ እስካሁን ያስቀኛል። አባባ “እጅህን ይባርከው” ብለው መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ “አሜን” አልኩ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄድን። መጀመሪያ ላይ ዓይኔን ከዳሽቦርዱ አሸሽ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ረሳሁት። ሰው የራሱን ውሸት በምን ፍጥነት እንደሚለምድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አባባን ጉና ሥር ያለ እርሻቸውን ልናሳያቸው ተነሣን። ሣሩ አመዳይ ለብሷል። እኔ ከኋላ ዕቃ ስጭን እታገኝ መኪናዋን ላሙቃት ብላ ከመሪው ፊት ተቀመጠችና ቁልፉን ከፈተች። ሞተሩ ተነሣ። አጠፋችው። እንደገና አስነሣችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታጠፋው ወደ እሷ ሄድኩ።

“ና እስቲ፣ ግባ” አለችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። “የኤርባጓ መብራት የት ሄደች?”

“ሠራኋት እኮ። ጠፋች።”

“የዘይቷ በራችና ጠፋች። የባትሪዋ በራችና ጠፋች። ያቺ ግን ጭራሽ አልበራችም። እዚያ ሴትዮዋ መኪና ስታስነሣ ከኋላ ሆኜ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ጤነኛዋ መብራት መጀመሪያ በርታ ነው የምትጠፋው።”

እኔ ባለ ዲፕሎማው ይህንን አላውቅም ነበር። እሷ ልጅ ታቅፋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ያወቀችውን እኔ ሁለት ዓመት ተምሬ አላወቅሁትም። እጄን ኪሴ ከትቼ እዚያው ረስቻት የቆየችውን አምፖል አወጣሁና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

አገላብጣ አየቻት። “አባባን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፊት ያስቀመጥካቸው በዚህ ነው?” አለችኝ።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያን ቀን ጠዋት አፍሬ አላውቅም። አባባን መኪናዋ ትንሽ ሥራ እንዳለባት ነግራ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያም በርጩማ አምጥታ መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች።

“መጀመሪያ አምፖሏን መልሳት” አለችኝ።

መለስኳት። ቀይዋ መብራት እንደ ድሮዋ በርታ ቀረች። የባትሪውን ሽቦ ፈትቼ፣ በሽቦው የቀረ ኃይል እንዲበርድ ጥቂት ጠበቅሁ። የኤርባግ ሽቦዎች ቢጫ ሽፋን እንዳላቸው ከመሪው ሥር አየሁ፤ ስለዚህ ቢጫ የለበሰውን ሁሉ እየተከተልኩ ሄድኩ። ቀድሞውኑ ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። ቸኩዬ ፊውዝ ከመንቀል ሌላ አንዱንም ሽቦ እስከ መጨረሻው ተከትዬ አላየሁም ነበር። ከአባባ ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ቢጫ ሽቦ አገኘሁ። አራቱን ብሎኖች ፈትቼ ወንበሩን አነሣሁት። ምንጣፉ ርጥብ ነው። የአባባ ቀበቶ መቆለፊያ ሽቦ የሚገናኝበት ሶኬት ሲፈታ፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። አንዷ መገናኛ ስትታመም መላው ኤርባግ ሥራ ያቆማል።

ርጥበቱ ከየት እንደመጣ ለሁለታችንም ወዲያው ገባን። አባባ ከወንዛዬ ሲመለሱ በትንሽ ጀሪካን ውሃ ይዘው መጥተው ነበር። ሌላው ሰው ፍል ውሃ ይለዋል፤ ለእሳቸው ግን ጠበል ነው። ጠበል ደግሞ ከኋላ ከሽንኩርቱና ከዶሮዎቹ ጋር አይጫንም፤ ሰው እግሩን በሚያሳርፍበትም አይቀመጥም። ስለዚህ ማንም እንዳይረግጠው ከገዛ ወንበራቸው ሥር አጋድመው ከተቱት። ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር የተወተፈው። ያን ሁሉ ኮረኮንች ስናልፍ እየተንጠባጠበ መጥቷል።

ከፋርማሲ አልኮል አምጥቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሶኬቱን ፈተግሁት። ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ስንጠብቅ አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

“ምን አገኛችሁበት?”

“አባባ፣ ያ ያመጡት ውሃ ፈሶ ሽቦውን አዝጎታል” አልኳቸው።

ሶኬቱን ትክ ብለው አዩት። “ጠበል ያበላሻል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ጠበል የተደበቀውን ያስለፈልፋል እንጂ አያበላሽም” አሉኝ።

እታገኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ሁሉንም ቦታ ቦታው መልሼ፣ ባትሪውን አስሬ ቁልፉን ከፈትኩ። መብራቷ በራች። ጥቂት ቆይታ ጠፋች። እታገኝ ከእጄ ተቀብላ ራሷ ሦስት ጊዜ ሞከረችው። “ይኸው” ብላ በርጩማዋን ይዛ ገባች። ጎሽ አላለችኝም፤ ተቀይማኛለች የሚያሰኝ ምልክት ግን አላየሁባትም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መኪናዋን ትሸጣታለች ብዬ በየቀኑ ስጠብቅ ቆየሁ። ልትሄድ የተሳፈረች ዕለት ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና “አባባን አደራ” አለችኝ። ስለ መኪናዋ ምንም አልጨመረችም። እኔም በዚያች መኪና ሠርቼ ራሴን ቻልኩ፣ አባባንም እስከ መጨረሻው ጦርኩ፣ በኋላም የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ሰው የሆንኩት እሷ በሰጠችኝ ቁልፍ ነው።

የጎረቤታችንን ልጅ አምፖል አልነቅልም አልኩት። ቅር አለው። ቅዳሜ ወንበሮቹን አንሥተን ሽቦውን እየተከተልን እናያለን፤ በርጩማ ይዞ እንዲመጣም ነግሬዋለሁ።

እታገኝ ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል፤ የምትኖረውም ከእኔ ሁለት ቤት አልፋ ነው። ስለዚያ ጉዳይ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእኔ መኪና ነው የምትገባው። በሩን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ውጭ ትታ ትቀመጣለች። ቁልፉን እከፍታለሁ። መብራቶቹ በርተው እስኪጠፉ ድረስ ታያለች። ከዚያ እግሯን ታስገባና በሩን ዘግታ ስለ ጎረቤቱ ታወራኛለች። ለረጅም ጊዜ ልማድ ሆኖባት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አንዳንዴ ግን አብረን በሌላ ሰው መኪና እንሳፈራለን። ያኔ መብራት ሳትጠብቅ በሩን ወዲያው ነው የምትዘጋው።