ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ቀበቶ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሜትር ይላታል። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው፤ እንዲያውም አንድ ቀን አጥልቃው ባንክ ቤት ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። በአምስት ዓመት ብበልጣትም እኔም እንደ ሰው እትዬ እላታለሁ፣ እሷም ጋሼ ትለኛለች፤ ሁለታችንም መከበር ስለምንወድ ቅር የሚለው የለም። አንዲት ጠባብ ሱቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ ጫማ እጠግናለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሷ ልብስ ትሰፋለች። አሥራ አራት ዓመት ሆነን። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም፤ የምነግራችሁ ሁሉ ወይ ከራሷ አፍ፣ ወይ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ስትሠራ አድራ ቀን ትተኛለች፤ ስለዚህ ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እትዬ ሜትር ናት ማለት ይቻላል። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ የሦስት ዓመቷን ሕፃን አዝላ ከፎቅ ስትወርድ ደረጃው አዳለጣት። የእሷ ጉልበት ተላጠ፣ የሕፃኗ ዳሌ ተሰበረ። ሕፃኗ ዳነች፤ ግን የግራ ዳሌዋ ከቀኙ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ።

እትዬ ሜትር መርፌ የያዘችው በዚያ ሰበብ ነው። የእህቷን ጉርድ በግራ በኩል አስረዝማ ትቆርጠዋለች፣ በቀኝ በኩል ከገበሩ ሥር ስስ ስፖንጅ ታስገባበታለች፤ ሲለበስ ሁለቱ ጎን እኩል ይወርዳል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ታናሽዬዋ ከሱቅ የተገዛ ጉርድ ለብሳ አታውቅም። ባሏ እንኳ ነገሩን ያወቀው ከተጋቡ ከርመው ነው አሉ፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያውንም ፍዝ ቢጤ ነው።

እትዬ ሜትር የሆድ ዳንስ የጀመረችው በሐኪም ትእዛዝ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የስፌት መኪናው ላይ ስትጎብጥ ኖራ ወገቧ አልታዘዝ ቢላት፣ ሐኪሙ «ወገብሽን አንቀሳቅሺው» አላት። ከሱቃችን በላይ ባለው የጂም አዳራሽ አንዲት አሰልጣኝ ሴቶችን የሆድ ዳንስ ታስተምራለች። «ያለኝ ይኼንኑ አይደል?» ብላ ወጣች፤ በአርባ ዓመቷ! በሳቅ ልሞት ነበር። ስትደንስ ሳያት ግን ሳቄን ዋጥኩት። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል «ጋሼ፣ እስቲ ምታልኝ» ትለኛለች፤ እኔ ሶሉን በመዶሻ እየመታሁ ምት እሰጣታለሁ፣ እሷ በባዶ እግሯ ከመጋረጃው ጀርባ ትለማመዳለች። ከሦስት ዓመት በፊት እህቷንም ይዛት ወጣች። የልምምድ ቀበቶም፣ ያው ሁለት ጣቱ ተስተካክሎ፣ ሰፋችላት።

ቡድኑ በዓመት አንዴ ለሕዝብ ትርኢት ያሳያል። የመዝጊያው ዳንስ የአንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ሜትር ሰባት ዓመት ሙሉ ኋለኛው ረድፍ ላይ ስትደንስ ከርማ፣ አሰልጣኟ አፏን ሞልታ «ዘንድሮ መዝጊያው ያንቺ ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መዶሻዬ ዕረፍት አላየም። «ጋሼ፣ ሃምሳ ዓመት እየመጣብኝ ነው» ትለኝ ነበር፤ «ይኼ ካለፈኝ አለፈኝ።» ይህን ስትል ቀልድ አልነበረባትም።

ትርኢቱ አምስት ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኟ በፌስታል የተጠቀለለ ልብስ ይዛ መጣች። ዳንስ ካቆመች ሴት የገዛችው ነው፤ ጡት መያዣ፣ ሰፊ ቀበቶና ረጅም ጉርድ፣ ሁሉም ወይን ጠጅ ቀለም። ከቀበቶው የሚንጠለጠለው የዶቃ ዘርፍ ግማሹ ረግፏል። መንጠቆዎቹ ዝገዋል፣ ገበሩ በላብ ቢጫ ሆኗል።

«ሌላ ከተማ ላለች ደንበኛዬ ነው። ልኳ እዚህ ወረቀት ላይ አለልሽ» አለች አሰልጣኟ። «ካላንቺ የሚሆንልኝ የለም፣ የኔ ቆንጆ።»

እኔ የኔ ቆንጆ የሚበዛበትን ነገር አልወድም። እትዬ ሜትር ግን ዋጋ እንኳ ሳታነሳ ተቀበለቻት፤ የመዝጊያውን ዳንስ የሰጠቻትን ሰው ምን ብላ ታስከፍላታለች?

ሁለት ሳምንት እንደ በሽተኛ አስታመመችው። ዶቃው እንዳይረግፍ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨርቅ እየነካካች አጠበችው። የቀበቶውን ገበር ስትተረትር ከእሷ በፊት ሦስት ሰው እንደነካካው አወቀች። በስፌታቸው ትለያቸው ነበር፤ «ይቺ ሰነፍ ናት፣ ይቺ ደግሞ ቸኩላለች» እያለች ብቻዋን ስታማቸው እሰማለሁ። ዶቃ ክር ይበጥሳል፤ ስለዚህ ለወስፌ ክር የምጠቀምበትን ሰም ሰጠኋት። ቀበቶው እንዳይጣጠፍ ለጫማ የማደርገውን ሸራ ቆርጬ ሰጠኋት። የረገፈውን ዘርፍ በአንድ ክር ሠላሳ ሁለት ዶቃ እየሰካች መልሳ ተካችው። ያ አሮጌ ነገር መስኮቱ አጠገብ ሲሰቀል የእኔ ደንበኞች ሳይቀሩ ቆመው ያዩት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ የምትለካባትን የሱቋን አሻንጉሊት በወረቀቱ ልክ ጨርቅና ስፖንጅ ጠቅልላ ልታለብሳት ስትል፣ ድንገት ከመጋረጃው ወዲያ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ና እስቲ።»

በአንድ እጇ ወረቀቱን፣ በሌላው የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ይዛለች። «ወገብ ሰባ አንድ፤ እዚህም ሰባ አንድ። ዳሌ መቶ ሁለት፤ እዚህም መቶ ሁለት። ከትከሻ እስከ ጡት ሃያ ስድስት፤ ሃያ ስድስት።»

«ደብተሩ ላይ ያለው የማን ነው?»

«የእህቴ።» ወረቀቱን አቀረበችልኝ። «ከዳሌ እስከ መሬት ግን ቀኝ ዘጠና አራት፣ ግራም ዘጠና አራት ይላል። የእህቴ ግራው ዘጠና ሰባት ነው።»

«እንግዲያ ሌላ ሴት ናታ!» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«ጋሼ፣ ቀኝና ግራው እኩል ከሆነ ሁለት ጊዜ ምን አስጻፈው? ስንት ዓመት ልክ ሲመጣልኝ ቀኝና ግራ ለይቶ የጻፈልኝ የለም። ልብስ የሚለካው እንዲህ ነው ብላ ያደገች አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብዬ ወደ ጫማዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ታናሽዬዋ እንደ ልማዷ ብቅ አለች። እትዬ ሜትር እውነቱን የምትናገርበት በር ከፈተችላት፤ እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

«ይኼንን ልብስ አየሽው? ሴትየዋ ባንቺ ቁመት ናት መሰለኝ። እስቲ ላልብስሽና ልየው።»

«አይ፣ እታለም፣ ዛሬ እቸኩላለሁ።» ልብስ ልለካብሽ ተብላ እምቢ ስትል መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። «ለማን ነው ግን?»

«ሌላ ከተማ ላለች ሴት ነው አሉ።»

«ታድላ!»

«የመዝጊያውን ዳንስ በተመለከተ አሰልጣኟ ምንም አላለችሽም?»

«ምን ትለኛለች? ያንቺ አይደል እንዴ? ሌላ ነገር ሰምቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ሳም ሳም አድርጋት ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የአሰልጣኟን የታደሰ ጫማ ላደርስ ወደ ላይ ወጣሁ። የአዳራሹ በር ገርበብ ብሏል። ባዶ አዳራሽ መሃል ታናሽዬዋ ብቻዋን ትደንሳለች፣ አሰልጣኟ ታጨበጭባለች። ዳንሱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ሳምንት በመዶሻ የመታሁት ምት ነው። ስወርድ የጥበቃው ሰው «አሁን ገና ሰማህ?» አለኝ፤ የጂም ደንበኛ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው።

ስመለስ እትዬ ሜትር ፊቴን አየች።

«አየሃት?»

አቀርቅሬ መዶሻዬን መፈለግ ጀመርኩ። አንዳንዴ ፈሪ ነኝ።

«በቃ፣ ነግረኸኛል» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ። «ዳንሱን ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር እኮ፣ ጋሼ። እሰጣት ነበር። ልብሷን እኔኑ ማሰፋት ምን ይባላል?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ተረት አልታየኝም፣ ንዴት ነው የታየኝ። «ስሚ፣ እንደ ወረቀቱ ስፊው!» አልኳት። «ቀኝም ግራም ዘጠና አራት። ራሷ ያስጻፈችውን ትልበስ! ሕዝብ ፊት ዘርፉ ወደ አንድ ጎን ይንጋደድባት፣ ያኔ ሌላ ከተማ ያለችውን ሴት ትጥራት!»

እትዬ ሜትር ዓይኗን ጠራርጋ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች። የትኛውን እንደምትሰፋ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ታናሽዬዋ ራሷ መጣች። «ሴትየዋ መምጣት ስላልቻለች አሰልጣኟ እኔ እንድሞክርላት ላከችኝ» አለች። እስከዚህ ድረስ! ጥርሴን ነከስኩ።

ከመጋረጃው ወዲያ ለበሰች። እትዬ ሜትር መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላት። ትልቁ መስታወት በእኔ በኩል ስለሆነ ታናሽዬዋ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ተስፋ አድርጌ ነበር፣ አልዋሽም፤ ተንጋዶ ላየው ጓጉቼ ነበር። ቀበቶው ግን በሳህን እንዳለ ውሃ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ዳሌዋን አንዴ ወዘወዘች፤ ዘርፉ ግራም ቀኝም እኩል ተወርውሮ እኩል ተመለሰ።

ፈገግ ልትል ስትል አንድ ነገር ገባት። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጎኗ ሄደ፤ ከገበሩ ሥር ስፖንጁን ዳበሰች። ከዚያ ወደ ግራ፤ ሁለት ጣት ዝቅ ያለውን ጠርዝ። እንደ ወረቀቱ የተሰፋ ቀበቶ እሷ ላይ ቀጥ እንደማይል ከማንም በላይ ታውቃለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እታለም…»

«የሴትየዋ ቀበቶ ቀጥ ብሏል?» አለች እትዬ ሜትር።

«እታለም፣ ልነግርሽ ነበር፣ በኔ ሞት…»

«ቀጥ ብሏል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ብሏል።»

«እንግዲያ አውልቀሽ አድርሺላት።»

አወለቀችው። እትዬ ሜትር ልብሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ፣ ከልጅነት እስከ ዛሬ የእህቷ ልክ የተጻፈባቸውን ገጾች አንድ በአንድ ቀደደቻቸው፤ እየተሰረዘ፣ እየተጨመረ፣ ቀኝና ግራ ለየብቻ። አጥፋ ከጥቅሉ ላይ አኖረቻቸው።

«ይኼንንም ለሴትየዋ ስጫት» አለች። «ከእንግዲህ ለሚሰፋላት ሰው ይጠቅማታል።»

ታናሽዬዋ ጥቅሉን አቅፋ እያለቀሰች ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። መንገዱን ተሻግራ እስክትጠፋ ድረስ የጉርዷ ጠርዝ ግራም ቀኝም እኩል ነበር፤ ባለፈው ዓመት እህቷ የሰፋችላት ጉርድ ነው።