ቄሰ ገበዙን ግራይንደር ያስተማርኩ ዕለት

አባቴ ስልክ ላይ ሰላምታ አያውቅም። የከተራ ዕለት ማለዳ፣ ንፋስ መውጫ ያለችውን የበርና መስኮት መሥሪያ ሱቄን ስከፍት ደወለና፣ «ያችን ያለ ገመድ የምትቆርጠውን ይዘሽ ድረሽ። ታቦቱ ተቆልፎበት ሊቀር ነው» ብሎ ዘጋው።

ያለ ገመድ የምትቆርጠው ባለባትሪዋ ግራይንደሬ ናት። ከገዛኋት ብዙም አልቆየሁም፤ በዚያን ጊዜ በከተማችን በሌላ ሰው እጅ አይቼ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶቼ ብየዳቸውን አቁመው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ፣ እኔ ደጃፌ ላይ ብረት እየቆረጥኩ ብልጭታውን አሳያቸው ነበር። ጉራዬ ልክ አልነበረውም። ስለዚህ ስልኩ ሲዘጋ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሁለቱን ባትሪዎች፣ ዲስኮቹን፣ መነጽሬን፣ የቆዳ ጓንቴንና መቆንጠጫዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ያዝኩ። አርብ ገበያ ከወረድኩ በኋላ እስከ መንደራችን ያለውን ቁልቁለት በሩጫ ነው የጨረስኩት።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል፤ የሚዘምር ግን የለም። አባቴ በሩ ላይ ጠብቆ ነገሩን አስረዳኝ። አጎራባች ደብር ሌባ ከገባ ወዲህ የእኛ ቄሰ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን፣ ለታቦቱ የብረት ሳጥን አሠርተው መቅደሱ ወለል ላይ በሲሚንቶ አስተክለው ነበር። ጓጉንቸሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙን። ያን ዕለት ጠዋት ቁልፉ ውስጡ ተሰበረ። የብረት መጋዝ ሞከሩ፤ የመጋዙ ጥርስ አለቀ እንጂ ጓጉንቸሩ አልተጫረም። በመዶሻ እንዳይሉ፣ ታቦት ያለበትን ሳጥን ማን ደፍሮ ይደበድባል? ከሰዓት በኋላ የአካባቢው ታቦታት ሁሉ ወንዙ ዳር ይገናኛሉ። የእኛው ብቻ ሊቀር ነው።

ቄሰ ገበዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። «በፊት የነበረበት ቦታ ምን ጎደለው?» የሚል ድምፅ ከሕዝቡ መሃል ወጣ። ሰምተዋል፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አንጀቴን በሉት።

«ሳጥኑ የት ነው? ምሩኝ» አልኩ ቦርሳዬን እየከፈትኩ።

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ለካ ደስታዬ አስክሮኝ ዋናውን ነገር ረስቼዋለሁ። መቅደስ ከካህንና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባበትም፤ አባቴም አይገባ፣ እኔማ ጭራሽ። መሣሪያዋን የማውቃት እኔ፣ መግባት የሚችሉት እነሱ።

«እንግዲያው ከእናንተ አንዱ ይቆርጣል፤ አስተምራለሁ» አልኩ።

ወጣቶቹ ካህናት ተሽቀዳደሙ። ቄሰ ገበዙ ግን ከድንጋዩ ተነሡ። «እናንተ ተሸካሚዎች ናችሁ። ደም የነካው ካህን ዛሬ ታቦት አይሸከምም። ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልሁን» አሉ።

ይህን ሲሉ ነው አደጋው የገባኝ። የቆሰለ ካህን ከመቅደስ ይወጣል። ደሙ ወለሉ ላይ ከነጠበ ደግሞ ቤቱ እስኪባረክ ድረስ አገልግሎት ይቆማል፣ ታቦቱም አይወርድም። በእኛ ሱቅ ትንሽ ጭረት ቢያገኝህ ጨርቅ ጠምጥመህ ሥራህን ትቀጥላለህ። እዚህ ግን አንዲት ጭረት የደብሩን ጥምቀት ታስቀራለች።

ከቅጥሩ ውጭ ወይራ ሥር ወሰድኳቸው። መጀመሪያ ነጠላቸውን አስወልቄ መነጽሬን አደረግሁላቸው። እጀ ጠባባቸውን ቁልፍ አስቆለፍሁ፤ ጫፉንም ጓንት ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ጺማቸውን ማየት ጀመርኩ።

«ጺሜን ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ዲስኩ ጺምና ቃጫ አይለይም፣ አባ።»

ሳቁ። በጥምጣማቸው ጫፍ ጺማቸውን ጠቅልዬ አንገታቸው ሥር ወሸቅሁት። ባትሪውን ነቅዬ፣ «ዲስክ ሲገባም ሲወጣም ባትሪ አይኖርም» እያልኩ አዲስ የመቁረጫ ዲስክ ብርሃን ላይ አገላብጬ፣ ስንጥቅ እንደሌለው አሳይቼ፣ አጥብቄ አሰርኩላቸው። የዲስኩን መከላከያ ሽፋን በእሳቸውና በዲስኩ መካከል እንዲሆን አዞርኩት፤ ብልጭታው ወደ ድንጋዩ ግድግዳ እንጂ ወደ መጋረጃው እንዳይሄድ። በዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ፈንጠር ብለው እንዲቆሙ፣ ሙሉ ፍጥነት ሳይይዝ ብረቱን እንዳያስነኩ፣ እንዳይጫኑ፣ እንዳያጣምሙ ነገርኳቸው። ጓጉንቸሩ እየተወዛወዘ ዲስኩን እንዳይነክስባቸው ደግሞ በመቆንጠጫው ነክሰው ከሳጥኑ ማጠፊያ ጋር በሽቦ እንዲያስሩት፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ሳርም ዲያቆናቱ እንዲጠርጉት።

ጫማው አጣላን። መቅደስ በጫማ አይገባም፤ ግራይንደርም በባዶ እግር አይያዝም። እሳቸውም አልለቀቁ፣ እኔም አልለቀቅሁ። በመጨረሻ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ውኃ ነክረው አመጡና፣ «አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ ገላግሉን» አሉ። በውኃ የራሰ ጋቢ እሳት አያሳልፍም። እግራቸውን ጠቀለልኩ።

ለልምምድ አንድ ቁራጭ ፌሮ ብረት ድንጋይ መሃል አጣበቅሁ። አባ ማስነሻውን ተጫኑ። ዲስኩ ጮኸ፤ ወጣቶቹ ካህናት ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ እኔ ግን ያ ድምፅ ደስ ይለኛል። አባ ልክ ብረቱን ሊያስነኩ ሲሉ እድሜ ልካቸውን ማንኛውንም ሥራ እንደሚጀምሩት አደረጉ። ቀኝ እጃቸውን ለቀው አማተቡ።

ዲስኩ ብረቱን ነክቶ ነጠረ። በግራ እጃቸው ብቻ የያዟት ግራይንደር ወደ ጭናቸው ዞረች፤ ሽፋኑ ባይኖር አብቅቶ ነበር።

«ሁለት እጅ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በቄሰ ገበዝ ላይ፣ በሕዝብ ፊት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን አንዴ ከተቆጣሁ አልመለስም። «ባትሪው ሳይገባ ያማትቡ! እንደ ልብዎ ያማትቡ! ከገባ በኋላ እጅዎ ከመያዣው አይላቀቅም!»

አባ መሣሪያዋን አጥፍተው፣ ዲስኩ እስኪቆም ጠብቀው፣ «ልክ ነሽ» አሉኝ። ባትሪውን ነቅለው ቀስ ብለው አማተቡና እንደገና ሰኩት። ፌሮውን እንደ ቅቤ ቆረጡት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ ብታዩት! ሌላ ቁራጭ ብጨምርላቸው የሚጠሉ አይመስሉም ነበር፤ ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ ነው የከለከልኳቸው።

ገቡ። አንድ ዲያቆን ሁለተኛውን ባትሪ ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ በስልኩ እንዲያበራላቸው አብሯቸው ገባ። እኔ በሴቶች በር በኩል ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ቆምኩ። ከዚያ መጋረጃው እንጂ ሌላ አይታይም። በሕይወቴ ሥራዬን በጆሮዬ ብቻ የተከታተልኩት ያን ቀን ነው።

ዲስኩ ተነሣ። ነካ። ድምፁ ወፈረ፤ «አይጫኑ አባ!» አልኩ። ቀጠነ። ልክ ሆነ። የጋለ ብረት ሽታ መጣ። ከዚያ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ።

«ሞተች» አሉ አባ ከውስጥ።

«አልሞተችም፤ ባትሪው ነው። እጅዎን ከማስነሻው ያንሱ። ዲስኩ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«አሁን ይንቀሉት። ሁለተኛውን ቀጭ እስኪል ይግፉት።»

ቀጭ ሲል ሰማሁ። ዲስኩ እንደገና ነካ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ትንፋሼን ዋጥሁ። በመጨረሻ ወፍራም ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ። መሣሪያዋ ጠፋች። ውጭ ያሉት ሴቶች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው የእኔን ፊት ያያሉ። እኔም አላወቅሁም። የወደቀው ጓጉንቸሩ ይሁን መሣሪያዋ፣ አባ ደህና ይሁኑ አይሁኑ፣ ከየት ልወቅ?

መጋረጃው ተገለጠ። አባ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው በብረት ትቢያ ጠቁሯል፤ እንባቸው በትቢያው መሃል ሁለት መስመር ሠርቷል። ተሳልሜ እንድባረክ መስቀላቸውን ያወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጓንቱን አውልቀው ሁለት እጃቸውን ከፊቴ ዘረጉ።

«ጓጉንቸሩ ተቆርጧል። ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ አያይልኝም» አሉ። «ደም ካለብኝ ሳጥኑን አልነካም፣ ወደ መቅደሱም አልመለስም። አንቺ እይልኝ።»

እጃቸውን ያዝሁ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አገላበጥሁ፣ የጥፍራቸውን ሥር አየሁ፣ እጀ ጠባባቸውን ሰብስቤ ክንዳቸውን አየሁ፣ ጎንበስ ብዬ እግራቸውን ከእርጥቡ ጋቢ ፈታሁ። ጋቢው ላይ ብልጭታ ያቃጠላት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከሥሯ ያለው ቆዳ ግን ንጹሕ ነው። ግቢው በሙሉ የእኔን አፍ ይጠብቃል።

«የለም፣ አባ» አልኳቸው። «ይግቡ።»